«ሽቦ ለልብስ ማስጫ ነው» ለተባለው

ከዚራ፦ ቅዳሜ እዚህ ድሬዳዋ ለአማተር ሬዲዮ ጀማሪዎች ገለጻ ሲደረግ አንዱ ተነስቶ «ሩቅ ማውራት ከፈለጋችሁ ያጊ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያተኩር ባለ ብዙ ዘንግ አንቴና) አቁሙ፣ ሽቦ ለልብስ ማስጫ ነው» አለ። አቦ፣ ልጆቹን ምን ያስፈራራቸዋል? በ14 ሜጋኸርዝ ዳይፖል የሚባለው አንቴና ማለት 10 ሜትር ሽቦ ነው። መሃሉን ትቆርጣለህ፣ ኮአክስ (ከሬዲዮው የሚመጣውን ገመድ) ታገናኛለህ፣ ከፍ አድርገህ ትሰቅላለህ። አለቀ። አውሮፓ ይሰማሃል።

ሳቢያን፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። «ከፍ አድርገህ» ያልከውን ማን ያደርገዋል? ሰው ሁሉ ከቆርቆሮ ጣሪያው 1 ሜትር አስበልጦ ነው የሚወጥረው። ቆርቆሮው ሞገዱን ሽቅብ ይመልሰዋል። ሽቅብ የሄደ 14 ሜጋኸርዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምድር ሳይመለስ ሄዶ ይቀራል።

ከዚራ፦ ታዲያ ጥፋቱ የከፍታው ነው፣ ሽቦው ምን አደረገ? 10 ሜትር ላይ ስቀለው። ባለ 3 ኤለመንት (ዘንግ) ያጊ በእኩል ከፍታ ዳይፖልን የሚበልጠው 5 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሞገድ ጥንካሬ ማነጻጸሪያ) ገደማ ነው። ለእሷ ብሎ ተማሪ ልጅ ምሰሶና ሮታተር (አንቴና ማዞሪያ ሞተር) ከየት ያመጣል?

ሐረር አራተኛ፦ እኛ ጋ ኑ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፣ ሽቦም ይሠራል።

ከዚራ፦ የባሕር ወለልን ምን አመጣው? ሽቦው ከሥሩ ካለው መሬት ስንት ሜትር ራቀ ነው ጥያቄው።

ሐረር አራተኛ፦ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ከሆነስ? ሞገዱ ወደ ቁልቁለቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እናንተን ግን ተራራ ጋርዷችኋል።

ለገሃሬ፦ ተራራው በደቡብ ነው፣ አውሮፓ በሰሜን። ዳይፖሉን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወጥሩት፣ ሰሜንን ያገኛል። ግቢው የጠበበው 5 ሜትር ቨርቲካል (ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴና) ያቁም።

ሳቢያን፦ በድሬ ደረቅ አሸዋ ላይ ቨርቲካል? ከሥሩ ዙሪያውን መሬት ላይ ራዲያል ካልዘረጋህ ጉልበቱ መሬት ሲያሞቅ ይቀራል።

ለገሃሬ፦ ራዲያሉስ ሽቦ አይደለም እንዴ? እሱንም ለልብስ ማስጫ ልትለው ነው?

ሳቢያን፦ ነገር አታጣምም። እኔ የምለው ስለ መስማት ነው። ማታ የሰፈሩ መብራት መስመር ሲንጫጫ ዳይፖል ከፊትም ከኋላም ይሰበስባል። ያጊ የኋላውን ይቀንስልሃል፣ ደካማው ጣቢያ ያኔ ይወጣል።

ከዚራ፦ ጫጫታው ከፊት ከመጣስ? ደግሞ ከኢትዮጵያ የሚጠራ ጣቢያ ጥቂት ነው፣ «ኢቲ» (የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መጠሪያ መነሻ) ያለ ሰው ፈላጊው ብዙ ነው። ልጁ በሽቦም ቢሆን መጀመሪያ አየር ላይ ይውጣ!

ሳቢያን፦ ይውጣ፣ በያጊ ይውጣ።

ሐረር አራተኛ፦ የቁልቁለቱን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።