ያለቀኑ የተወለደ ልጄ ማሞቂያ ክፍል ነው፣ ጭንቀቴ ወተቴን አበላሸው እንዴ?

የሳቢያኗ አራስ
ሰላም እናቶች፣ ድሬ ነኝ። ልጄ በ31 ሳምንቱ ተወለደ፣ 1 ኪሎ ከ400 ነበር፣ ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። በአፍንጫው በገባ ቱቦ ነው የሚመገበው፣ እኔ በየ3 ሰዓቱ በእጄ እያለብኩ እሰጣቸዋለሁ። መጀመሪያ እንገሩ በደንብ መጥቶልኝ ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ግን ትንፋሽ አቆመ ብለው ሲሯሯጡ አየሁ፣ ተመስገን ተመለሰ፣ ግን ከዛ ሰዓት ጀምሮ ጡቴ እንቢ አለኝ፣ አንድ ሰዓት ታግዬ 10 ሚሊ። አማቴ ደግሞ ስለሚሳሱለት ነው፣ የተጨነቀች እናት ወተት ልጅ ያሳምማል የዱቄት ወተት ይገዛለት አሉኝ። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ። እውነት ነው? አእምሮው እንዳይጎዳብኝ ፈርቼ ነው

የጀጎል ልጅ
አይዞሽ እህቴ፣ የኔዋ በ30 ሳምንት ነው የመጣችው፣ አሁን 2 ዓመት አልፏታል ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ስታባርር ነው የምትውለው። ወተቴ ልክ እንዳንቺ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤት አብሽ ነው አጥሚት ነው ሆጃ ነው እያለ ያመጣል፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እኔን የጠቀመኝ እህቴ መጥታ ቤቱን ተረክባ 4 ሰዓት ሙሉ ያስተኛችኝ ቀን ነው። ሌላው የልጄን ኮፍያ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነበር የማልበው፣ ሽታዋ ሲመጣ ወተቱም ይመጣል። እና ደግሞ በኋላ አልተቀመጠ አልዳኸ ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ እድሜው የሚቆጠረው መወለድ ከነበረበት ቀን ነው፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ስንት ወር አለቀስኩ

ነርሷ
ጨቅላ ህፃናት ክፍል ነው የምሰራው። እማማን በአክብሮት ንገሪያቸው፣ ወተትሽ አልተበላሸም። ጭንቀት የሚያደርገው ወተቱን መያዝ ነው፣ ስትደነግጪ አድሬናሊኑ ኦክሲቶሲን የሚባለውን ወተት ገፍቶ የሚያወጣውን ሆርሞን ያግደዋል፣ ወተቱ እዛው ጡትሽ ውስጥ አለ ግን አይወርድም፣ ችግሩ ሳይወጣ ሲቆይ ሰውነትሽ አልተፈለገም ብሎ መስራት ይቀንሳል። ስለዚህ 5 ሚሊም ብትወጣ አታቋርጪ፣ በቀን ቢያንስ 8 ጊዜ፣ የሌሊቱን በተለይ አትዝለዪ። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ወተት ውስጥ ይገባል አዎ፣ ግን ተረጋግታ የምትኖር እናት ወተት ውስጥም አለ፣ ጠዋት ጠዋት ከፍ ይላል፣ መርዝ አይደለም። ያለቀኑ የወለደች እናት ወተት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፕሮቲኑም በሽታ ተከላካዩም ከሌላው ይበልጣል። በዚህ ክብደት የዱቄት ወተት የሚያስፈራን አንጀታቸው ቆስሎ የሚሞትበት ከባድ በሽታ ስላለ ነው፣ የእናት ወተት ያገኙት ላይ በጣም ይቀንሳል። ትንፋሽ ማቆሙም ካንቺ አይደለም፣ ከ34 ሳምንት በፊት የተወለዱት ላይ የተለመደ ነው፣ አእምሯቸው ላይ ትንፋሽ የሚያዘው ቦታ ገና ስላልበሰለ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ካንጋሮ ጠይቂ። ራቁቱን ደረትሽ ላይ። ኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ ውስጥ በ1978 እ.ኤ.አ. ማሞቂያ ሲያጥራቸው የጀመሩት ነው፣ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጋና ማላዊ ታንዛኒያ ናይጄሪያና ህንድ የተሰራው ጥናት ላይ ከ1 ኪሎ እስከ 1 ኪሎ ከ799 ግራም የተወለዱ ልጆች ወዲያው ደረት ላይ ሲደረጉ ሞት በ25 በመቶ ቀንሷል፣ ያንቺ ልጅ እዛ ክብደት ውስጥ ነው። ላንቺም ወተቱን ያወርድልሻል።

አባት ከከዚራ
ካንጋሮ አባትም ይችላል፣ እኔ አድርጌዋለሁ፣ ሚስቴ ስትተኛ እኔ እይዘው ነበር። ባልሽን ላኪው አቦ፣ ያፍር ይሆናል ግን አንዴ ከያዘው አይለቅም። ከቤት የምታመጪ ከሆነ በድሬ ሙቀት ወተቱን በባጃጅ እንዲሁ እንዳትይዢው፣ በረዶ ያለበት ፔርሙዝ ውስጥ ክደኚው

የሳቢያኗ አራስ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ነርሷ የጻፈችውን ለአማቴ አነበብኩላቸው፣ ዝም ብለው ሰሙኝና ሌሊት እኔ እቀሰቅስሻለሁ አንቺ ተኚ አሉ። አሁን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፣ ቀሰቀሱኝ፣ የልጄን ጨርቅ አሽትቼ አለብኩ፣ 18 ሚሊ። ነገ ጠዋት ካንጋሮውን እጠይቃለሁ