ክቡ አንዴ ይበራል፣ አንዴ አይበራም፦ የቡሊያን ተለዋዋጭ በፕሮሰሲንግ

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ፕሮሰሲንግ በተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ግራፊክስ መሥራት የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ማውሱን ስጫን ክብ እንዲታይ፣ ደግሜ ስጫን እንዲጠፋ ፈልጌ «በርቷል» የሚባል የቡሊያን ተለዋዋጭ (ትሩ ማለትም እውነት፣ ወይም ፎልስ ማለትም ሐሰት የሚል ዋጋ ብቻ የሚይዝ) ፈጠርኩ፤ ስዕሉን ደጋግሞ በሚስለው ፈንክሽን (የትእዛዞች ስብስብ)፣ በ«ድሮው» ውስጥም ማውሱ በተጫነ ቁጥር ትሩ የነበረው ፎልስ፣ ፎልስ የነበረው ትሩ እንዲሆን አዘዝኩ። ይሁን እንጂ ጣቴን ካላነሳሁ ክቡ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ቶሎ ሳነሳም አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ እንዳልተነካ ይሆናል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ 1
የመገልበጫው መስመር ትክክል ነው፤ ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። «ድሮው» ፍጥነቱ ካልተቀየረ በቀር በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ስለዚህ ማውሱ ለሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ተጭኖ ቢቆይ ዋጋው ስድስት ጊዜ ይገለበጥና፣ ስድስት ተጋማሽ ቁጥር በመሆኑ፣ ወደ ጀመረበት ይመለሳል፤ አምስት ወይም ሰባት ጊዜ ከተገለበጠ ግን ክቡ ይበራል። «ማውስፕረስድ» የሚለው ስም በፕሮሰሲንግ ሁለት ነገር መሆኑ ጀማሪን ያደናግራል፤ ተለዋዋጩ ማውሱ አሁን ተጭኖ እንደሆነ ብቻ ሲናገር፣ ፈንክሽኑ ግን በአንድ ጠቅታ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠራል። የመገልበጫውን መስመር ወደ ፈንክሽኑ ያዛውሩት። ተለዋዋጩንም ከፈንክሽኖቹ ሁሉ ውጭ፣ ከላይ ያውጁት፤ በ«ድሮው» ውስጥ ፎልስ ብለው ካወጁት በየፍሬሙ (ስዕሉ በተደገመ ቁጥር) እንደ አዲስ ፎልስ ይሆናል።

መልስ 2
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ። ሁኔታን በሚፈትሸው በ«ኢፍ» ቅንፍ ውስጥ ሁለት የእኩል ምልክት (ማነጻጸሪያ) በሚያስፈልግበት ቦታ አንድ ብቻ (ዋጋ መስጫ) እንዳይጽፉም ይጠንቀቁ። ለቁጥር ቢሆን ኮዱ አልሠራም ብሎ ያስጠነቅቅዎት ነበር፤ ለቡሊያን ግን ዝም ብሎ ይቀበልና ተለዋዋጩን ትሩ ያደርገዋል፣ ክቡም ከዚያ ወዲያ አይጠፋም። እኔ በበኩሌ ምልክቱን ጨርሶ ትቼ በቅንፉ ውስጥ «በርቷል» የሚለውን ስም ብቻ መጻፍ እመርጣለሁ፤ ተለዋዋጩ ራሱ ትሩ ወይም ፎልስ ስለሆነ ማነጻጸሪያ አያስፈልገውም።

ጠያቂ
እጅግ አመሰግናለሁ፤ መብራቱ ተስተካክሏል። አሁን ግን ሌሎች መስመሮችንም ካዘዋወርኩ በኋላ፣ ዋጋው ፎልስ መሆኑን በኮንሶሉ (የፕሮግራሙ መልእክት በሚታይበት ቦታ) ላይ እያየሁ ክቡ ከስክሪኑ አልለቅ አለ።

መልስ 1
ፎልስ ማለት «አትሳል» እንጂ «አጥፋ» አይደለም፤ ቀድሞ የተሳለው እንዳለ ይቀመጣል። ስክሪኑን በአንድ ቀለም የሚሸፍነው የ«ባክግራውንድ» ትእዛዝዎ ፕሮግራሙ ሲጀምር በሚሠራው በ«ሰትአፕ» ውስጥ ከሆነ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የ«ድሮው» የመጀመሪያ መስመር ያድርጉት።