የጦር ካምፕ ሲሰፋ አጎራባች ከተሞች ምን ይዘው ይቅረቡ? (ደቡብ ወሎ)

ገራዶ ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ ወሎ በሁለት ትንንሽ ከተሞች መካከል ያለ የጦር ካምፕ ሊሰፋ ነው። እስካሁን የታየው ቀያሽ መጥቶ ችካል መትከሉ ብቻ ነው፤ በጽሑፍ የደረሰው ሰው የለም። በችካሉ መስመር ውስጥ የእርሻ ማሳ፣ የወል ግጦሽ፣ ሁለቱም ከተሞች የሚቀዱበት ምንጭ፣ የመቃብር ቦታና ወደ ገበያ የሚወስደው የጠጠር መንገድ ገብተዋል። አንደኛው ከተማ "ገበያ ያመጣልናል" ይላል፣ ሌላኛው "ውኃችን ማለቁ ነው" ይላል። ካምፑ አይኑር ያለ የለም። ጥያቄው ወሰኑ የት ላይ ይቁም፣ ከዚያስ በኋላ እንዴት አብሮ ይኖራል የሚለው ነው። ከአሁኑ ምን ማስረጃ ይያዝ? ለማን ይቅረብ? ሕግ፣ ውኃና ቅየሳ የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትጽፉልን።

ቦርከና፦

አብሽሩ፣ ችካል ትእዛዝ አይደለም። መነሻችሁ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ ደንቡ ደግሞ 472/2012። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ ማሻሻያውንም አሳትማችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። የድሮውን ብቻ ይዞ የሚከራከር ሰው በመጀመሪያው ስብሰባ ይረታል። ከሁሉም በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ አንቀጽ 44 ተፈናቃይ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ምትክ እንዲያገኝ፣ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ እንዲመክር መብት ይሰጣል።

በ1161 መሠረት ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነትና ጥቅም ሊመከር ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤ "አንነሣም" አይበል። "የምክክሩ ቀን መቼ ነው? የሚወሰደው መሬት ካርታና የተነሺዎች ዝርዝር ይሰጠን" ይበል። ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት በሁለት ቅጂ ይግባ፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ቁጥርና ማኅተም አሳርፎበት እናንተ ጋ ይቅር። በቃል የቀረበ አቤቱታ ነገ "አልሰማንም" ከተባለ መያዣ የለውም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቤት የይዞታ ደብተሩን ያውጣ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩ በሞቱት አባት ስም ከሆነ ካሳው በወራሾች ክርክር ታስሮ ይቀራል፤ ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስሙን ከአሁኑ አዛውሩ። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምና ፎቶ መኖሩን እዩ። በእኩል የሚያርስ ካለ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ወረዳ ይመዝገብ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ስሌቱ። ምትክ መሬት ለማይሰጠው ባለይዞታ 1161 ያስቀመጠው የመፈናቀያ ካሳ፣ ከመነሣቱ በፊት ካሉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የአንድ ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። "የአንድ ዓመት ገቢ" የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ። ወሎ በልግም መኸርም ያርሳል። ገማቹ ከመኸር በኋላ መጥቶ የጤፉን ገለባ ብቻ አይቶ ከሄደ የበልጉ ምርት ከወረቀቱ ላይ የለም። ለምሳሌ ሁለት ጥማድ፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር፣ በመኸር 8 ኩንታል ጤፍ፣ በበልግ 5 ኩንታል ገብስ የሚሰጥ ማሳ እንውሰድ። ጤፉን በ10,000 ብር፣ ገብሱን በ6,000 ብር ብናስበው 80,000 እና 30,000 ይሆናል። ሁለቱ ሲቆጠሩ 110,000 በ15 ሲባዛ 1,650,000 ብር ነው። በልግ ከተረሳ 1,200,000 ብቻ። በአንድ ቤት 450,000 ብር የሚቀረው አንድ ወቅት ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከሚይዘው የምርት መዝገብ የሦስት ዓመት የበልግና የመኸር መረጃ በማኅተም አስወጡ። ገለባውንና አገዳውንም በገበያ ዋጋ አስመዝግባችሁ ጠይቁበት፤ ድርቆሽ በጠፋበት ዓመት ስንት እንደሚሸጥ ገበሬ ያውቀዋል።

የመልቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ቅሬታ ያለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ማቅረብ አለበት። ወረቀቱን ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ጀርባው ላይ ጽፋችሁ አስፈርሙ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጦሳ ሥር፦

ቦርከና ያነሣው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ውኃውንና ቅየሳውን ልጨምር።

ምንጩን ማንም ሰው ሊለካው ይችላል። አንድ 20 ሊትር ጀሪካን፣ የስልክ ሰዓት መቁጠሪያና ደብተር ይበቃል። ውኃው በሙሉ በአንድ ቱቦ እንዲወርድ ዙሪያውን በጭቃ ድፈኑ፤ በጎን የሚያመልጥ ካለ ልኬቱ ዋጋ የለውም። ጀሪካኑ እስኪሞላ ሦስት ጊዜ ቁጠሩና አማካዩን ያዙ። 40 ሰከንድ ከፈጀ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ነው። ለገጠር በሚሠራበት በነፍስ ወከፍ 25 ሊትር ሒሳብ 1,728 ሰው ማለት ነው። ካምፑ ላይ ለምግብ፣ ለገላና ለልብስ በሰው 50 ሊትር ብታስቡ 1,000 ሰው ብቻውን 50,000 ሊትር ይፈልጋል። ምንጩ ካለው ይበልጣል።

ልኬቱ የሚበላሸው በወቅቱ ነው። በነሐሴ የተለካ ምንጭ ጢም ብሎ ይወርዳልና "ችግር የለም" የሚል ወረቀት ያሰጣችኋል። ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ ሰው ሳይቀዳ፣ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ለኩ። የበልጉ ዝናብ የጣለበትን ሳምንት ለይታችሁ ምልክት አድርጉበት። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተገኝቶ ይፈርም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ የሠራዊቱን ቁጥር አትጠይቁ። ምስጢር ነው፣ ጥያቄውም ራሱ በር ያዘጋል። "በቀን ከዚህ ምንጭ ስንት ሜትር ኩብ ይቀዳል? የራሱ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርለታል ወይ?" በሉ። ጉድጓድ ከተቆፈረ ምን ያህል ውኃ እንደሚሰጥ የሚታይበት የፓምፕ ሙከራ ይደረጋል፤ ፓምፑ ሳይቋረጥ በሚሠራበት በዚያ ጊዜ የእናንተም ምንጭ በየሰዓቱ ይለካ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጻፉ። ሙከራው ካለፈ በኋላ መነጋገር ትርፍ የለውም። የካምፑ ሽንት ቤትና ፍሳሽም ከምንጩ በታች ባለው ተዳፋት በኩል እንዲሆን ጠይቁ። 30 ሜትር ይራቅ የሚባለው ለአንድ ቤት ጉድጓድ ነው፣ ለብዙ ሰው መኖሪያ አይበቃም።

ስለ ቅየሳ፦ የስልክ ጂፒኤስ የቦታ ቁጥር የሚሰጠው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ዓለም አቀፍ የቦታ መለኪያ ሥርዓት ነው፤ የአገራችን ብዙ ካርታዎች ደግሞ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 በሚባለው በሌላ ሥርዓት የተሠሩ ናቸው። የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ ቀጥታ ብታስቀምጡት ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። "ካርታው ማሳዬን አይነካም" ብሎ ተዝናንቶ የተቀመጠ ሰው ችካሉን ጓሮው ያገኘዋል፣ ወይም ያልተነካ ሰው በከንቱ ይጨነቃል። ቁጥር ሲሰጣችሁ በየትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ (የማሳው ካርታ ያለበት ደብተር) ያላችሁ የማሳችሁን መለያ ቁጥር ከተነሺዎች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።

ገራዶ ማዶ፦

እግዜር ይስጥልን፣ ጀዛኩሙላህ ኸይር። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሰዉ በችካሉ መስመር ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ጀምሯል፣ ካሳ እናገኝበታለን እያለ። ሌላው ደግሞ ሁለቱ ከተሞች በየፊናቸው ደብዳቤ ሊጽፉ ነው።

ቦርከና፦

ተከላውን አስቁሙ። ባለይዞታው ከተነገረው በኋላ የተሠራ ቤት ወይም የተተከለ ተክል አይካስም። ከዚያ የባሰው ግን ገማቹ አንድ ትኩስ ችግኝ ካየ የሃያ ዓመቱን የጥድ አጥርም በጥርጣሬ ማየቱ ነው። ይልቅ ያለውን ዛፍ በዓይነት፣ በቁጥርና በእድሜ አስመዝግቡ።

ሐይቅ ዳር፦

በየፊናችሁ አትጻፉ፣ እባካችሁ። የላይኛው ከተማ "ወደ ታች ይስፋ"፣ የታችኛው "ወደ ላይ ይስፋ" ካለ ወሳኙ አካል ሁለቱንም ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ከትቶ በቀላሉ የሚያጥረውን ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ የወል ግጦሹን። ግጦሽ በማንም ስም ስላልሆነ የሚጮኽለት የለውም። በአዋጁ የወል ይዞታም ካሳ አለው፤ ተጠቃሚዎቹ እነማን እንደሆኑና ስንት ከብት እንደሚሰማራ የሚያሳይ ዝርዝር ግን እናንተ ናችሁ የምታቀርቡት። የየሰፈሩ ቅሬ (እድር) የአባላት መዝገብ አለው፤ ከዚያ ተነሡ፣ ቀበሌው ያረጋግጥ።

አንድ የጋራ ኮሚቴ ይኑር፤ ከሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶች፣ ከገጠር ቀበሌው፣ ከሴቶች (ምንጩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው)፣ ከቅሬ ዳኞችና ከሃይማኖት አባቶች። አባጋሮችም (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ይግቡበት፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ቅራኔ ከደብዳቤው በፊት እዚያው ይፍቱት። አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ማኅተም፤ ለወረዳና ለዞን፣ ግልባጭ ለክልሉ መሬት ቢሮና ለመከላከያ ሚኒስቴር። ጥያቄዎቹ አጭርና የሚለኩ ይሁኑ። "ሕዝቡን ያማከለ ይሁን" ለሚል ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ "ይሆናል" ነው።

የተኩስ መለማመጃ ካለበት ከሁሉ በፊት እሱን አንሡ። የክላሽ ጥይት ዒላማውን ከሳተ ሁለት ኪሎ ሜትር አልፎ ሊሄድ ይችላል። አቅጣጫው ወደ ተራራ፣ ከኋላው ወፍራም የአፈር ግድብ፣ በተኩስ ቀን ቀይ ባንዲራ፣ ፕሮግራሙ ለቀበሌው ቀድሞ ይነገር፣ በገበያ ቀን አይሁን። እረኞች ያልፈነዳ ነገር ካዩ አይንኩ፣ ድንጋይም አይወርውሩ፤ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለፖሊስ ይናገሩ። ብረት ገዢዎች በኪሎ ስለሚገዙ ልጆች ያነሡታል፤ ይህን በትምህርት ቤትም፣ በመስጊድም፣ በቤተ ክርስቲያንም ደጋግማችሁ አስነግሩ።

ገበያ ለሚጠብቀው ከተማ፦ ካምፕ በብዛት የሚገዛው በጨረታ ነው። ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና የባንክ ሒሳብ የሌለው የአትክልት ማኅበር በር ላይ ቲማቲም ከመቸርቸር አያልፍም። ማኅበሩን አሁን አስመዝግቡ። ለመንገዱ የጎን ቦይና የውኃ መተላለፊያ ቱቦ ጠይቁ፤ ጠጠር መንገድ በክረምት ከባድ መኪና ሲሄድበት የሚፈርሰው ውኃ መውጫ ሲያጣ ነው።

መቃብሩን በተመለከተ መጀመሪያ "ከአጥሩ ውጭ ይቅር፣ መግቢያ መንገድ ይተውለት" በሉ። ካልሆነ ብቻ ስለ ማንሻ ወጪና ስለ አዲስ ቦታ ተነጋገሩ፤ ሟች ያላቸው ቤተሰቦች ስም ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ።

ጦሳ ሥር፦

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ችካሉን ማንም እንዳይነቅል፤ ነቃዩ ሲጠየቅ የሁላችሁም ጉዳይ የጸጥታ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የካምፑን አጥርና በር ፎቶ አታንሡ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም አትልቀቁ። ፎቶ የሚያስፈልገው የራሳችሁ ማሳ፣ ዛፍ፣ ቤትና ምንጭ ነው፤ ጀርባችሁን ለካምፑ ሰጥታችሁ አንሡት፣ ቀኑንም ጻፉበት።