የአጎቴ የፎቶ ፊልሞች (ኔጋቲቮች) አቼቶ አቼቶ ይሸታሉ፤ ምን ይሻላል?

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ያለሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ነፍሱን ይማረውና አጎቴ፣ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከገባ ወዲህ የተነሱ ፎቶዎችን ሲሰበስብ ኖሮ አራት ካርቶን ትቶልኛል። በየፎቶው ጀርባ በእርሳስ ጽፏል። አንዱ ላይ «ባለ ባርኔጣው ሹፌር አይደለም፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው። እህቱን ጠይቄ» ይላል። ለተመራማሪ ከፎቶው ይልቅ ይቺ ትበልጣለች ባይ ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ግን «ፎቶውን ብቻ አምጣ» አለኝ። እምቢ አልኩ።

አሁን የቸገረኝ ኔጋቲቮቹ ናቸው። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ገሚሶቹ ተጠቅልለዋል፤ ሽታቸው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ፊልሙ ሲበላሽ አሲድ ያወጣል፣ ደህናውንም ያበላሻል ሲባል ሰምቼ ለየኋቸው። ፍሪጅ ልክተታቸው? መብራት ሲጠፋስ? በስልክ ላንሳቸው ወይስ ስካነር ልፈልግ? ከጽሑፋቸው እንዳይለያዩስ ቁጥር እንዴት ልስጣቸው?