ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣ ሞልቶ ሳለ መረብ አትጣሉ የሚባለው ለምንድን ነው?

የጉማራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከፎገራ ነኝ። አባቴ በደንገል ታንኳ እያሰገረ ነው ያሳደገን። አሁን እኔና ሁለት ወንድሞቼ አንድ የእንጨት ጀልባና ስድስት መረብ አለን። ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም ጉማራ ወደ ጣና በሚገባበት ቦታ ነጭ ዓሣው ይተራመሳል። አንድ ሌሊት ያደረ መረብ ጠዋት ለሁለት ሰው ይከብዳል። የካቲት ላይ ያንኑ መረብ ሐይቁ መሀል አሳድረን የምናወጣው ከወጥ አያልፍም።

ባለፈው ሳምንት አንድ ባለሙያ መጥቶ «ዓሣው የሚራባበት ጊዜ ነው፤ ወንዙ መግቢያ ላይ መረብ መጣል ክልክል ነው» ብሎን ሄደ። ሩዙ ገና ማሳ ላይ ነው፤ በዚህ ወር ከዓሣ ሌላ የምንሸጠው የለም። አንዷን እናት ስንሰነጥቃት ደግሞ እንቁላሏ ተቆጥሮ አያልቅም። ይህን ሁሉ የምትጥል ዓሣ እንዴት ታልቃለች? ቆሮሶውን ዓመቱን ሙሉ እናሰግረው የለም እንዴ? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ።

ሞተረኛው፦
ከልካዩ የመረብ ዕዳህን ይከፍልልሃል? እኔም ተነግሮኛል። ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ ጥያቄህ የቁም ነገር ነው። እኔ ጣና ላይ 27 ዓመት ዓሣ ስለካና ስመዝን ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ቴክኒሻን ነኝ። ዶክተሮቹ የሚጽፉትን ቁጥር በእርጥብ እጁ የሚመዘግብ ሰው ነበርኩ ማለት ነው።

ሥራችን እንዲህ ነበር። ዓሣውን መለኪያ ጣውላ ላይ አጋድመን ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ እንለካለን። ከዚያ ሆዱን ከፍተን እንቁላሉን እናያለን፤ ክር የመሰለ ከሆነ ገና ልጅ ነው፣ ሆዱን ሞልቶ ሲጫኑት የሚፈስ ከሆነ ደርሷል። ይህን በብዙ መቶ ዓሣ ላይ ስትደጋግመው ግማሾቹ ለእናትነት የደረሱበት ርዝመት ይገኛል። የመረብ ዓይን መመረጥ ያለበት ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነው፤ ዓሣው ቢያንስ አንዴ ሳይወልድ እንዳይያዝ።

ዕድሜውን ደግሞ ከጆሮው ውስጥ ከምትወጣ ጠጠር እናነባለን። የምስር ክክ አታክልም፤ ፍቀህ ማጉያ ሥር ስታደርጋት እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ይታይባታል። በረዶ ባለበት አገር ቀለበቱ ጥርት ያለ ነው አሉ። የእኛ ውኃ ብርድና ሙቀቱ እምብዛም ስለማይለያይ ቀለበቱ ይደበዝዛል። እኔ ስድስት ስል ባልደረባዬ ስምንት ይል ነበር፤ በዚህ ነገር ምሳ ሳንበላ የዋልንበት ቀን አለ።

አሁን ወደ ቆሮሶው ልምጣ። ቆሮሶ ቶሎ ይደርሳል፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ወንዝ ፍለጋም አትሄድም። ነጭ ዓሣ የምንለው ግን አንድ ዓሣ አይደለም። ጣና ውስጥ 15 ያህል ዓይነት አለ፤ ስምንቱ ሌላ ዓሣ በሊታ ናቸው። አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና ሌላ አይገኙም። ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ ዘግይተው ይደርሳሉ። ቢያንስ ሰባቱ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ወጥተው፣ ውኃው ጠራ ብሎ ጠጠር ላይ በሚሮጥበት ገባር ውስጥ ይጥላሉ። አንዱ ዓይነት ሲያልፍ ሌላው ይከተላል እንጂ ሁሉም በአንድ ሳምንት አይወጡም። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ መግቢያ ላይ ተሰብስበው ይቆያሉ። አንተ የምታገኛቸው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ መረብህ ነሐሴ ላይ የከበደው በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ የከረመ ዓሣ በአንድ በር ለማለፍ ስለተሰለፈ ነው። ሐይቁ ውስጥ ያለውን ልክ የምታየው የካቲት ላይ ነው። እንቁላሏ ብዙ ነው ላልከው፣ ወንዝ ሳትወጣ የተያዘች እናት እንቁላሏ አንድም ጫጩት አይሆንም።

የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ እዚህ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ቆጠራ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሰው ተገኙ፤ ጫጩቶቹማ ከዚያም የባሰ። አባትህ በታንኳ ሲያሰግር ርቆ አይሄድም ነበር፤ ዓሣው እሱ የማይደርስበት መሸሸጊያ ነበረው።

ከቪጎ፦
እኔ ስፔን፣ ቪጎ ወደብ አጠገብ ዓሣ በሚቀዘቀዝበት መጋዘን እሠራለሁ። እዚህ በብዛት የሚገባው ሰማያዊ ሻርክ ነው፤ ቲንቶሬራ ይሉታል። እንደ ማገዶ ተደርድሮ ነው የሚመጣው። ሴቷ እንቁላል አትጥልም፤ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው አርግዛ 30 እና 40 ግልገል ትወልዳለች። ለሻርክ ይህ እጅግ ብዙ ነው፤ ግን ለመውለድ የምትደርሰው በአምስት በስድስት ዓመቷ ነው። የሻርክን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከአከርካሪ አጥንቱ ነው፤ እሱም ላይ ቀለበት አለው። ይህን ያህል ብትወልድም አገሮቹ ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ2019 ለሰሜን አትላንቲክ በዓመት 39,102 ቶን ጣሪያ አስቀመጡ፤ ኋላ ደግሞ ዝቅ አደረጉት። ጋሼ ያሉት ነገር ነው፤ ስንት ይወልዳል ብቻ ሳይሆን በስንት ዓመቱ ይደርሳል።

የጉማራ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የየካቲቱ ነገር ገብቶኛል። ነገር ግን እኔ መረቤን ባነሣ ከላይ ያለው ሰው ብርብራ ወቅጦ ወንዙ ላይ ይነሰንሳል። ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ በቅርጫት ይለቅመዋል። ለእሱ ነው የምተውለት?

ዓሣ ሻጯ፦
ባሕር ዳር ነው የምሸጠው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ትቼ የገበያውን ልንገርህ። በፍልሰታ ፈላጊ አለ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ግን ሁላችሁም በአንድ ቀን ታመጡና ዋጋው ይወድቃል፤ በረዶ የለኝም፣ እጄ ላይ ይበላሻል። ደግሞ የነሐሴ እናት ስትመዘን ከባድ ናት፤ ስከፍታት እፍኝ ሙሉ እንቁላል ይወጣል፣ እሱን የሚገዛኝ የለም፣ አሞራ ይወስደዋል። ፊሌቶው ስስ ነው። ያችኑ ዓሣ ኅዳር ላይ ብታመጣልኝ የተሻለ እከፍልሃለሁ፤ ይህን ለወንድሞችህም ንገራቸው።

ጡረተኛው፦
እህቴ ከእኔ ይልቅ አሳምነሽዋል። ብርብራውን በተመለከተ እውነትህን ነው፤ በመርዝ ማስገር በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 315 የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ ወንዝ ዳር ቆሞ አይጠብቅም። ከላይ ያሉትን ገበሬዎች ማኅበራችሁ ሄዶ ያነጋግራቸው፤ ከተቻለ ዘንድሮውኑ፣ ዓሣው ሳይወጣ። እናንተ እስከ መስከረም አጋማሽ ከመግቢያው ርቃችሁ ቆሮሶና አምባዛ አስግሩ። ያነሰ ታገኛላችሁ፤ አልዋሽህም።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። እስካሁን የያዛችኋቸው እናቶች ካሉ ሳይሰነጠቁ ለካቸው፤ ከአፍ ጫፍ እስከ ጭራው መሰንጠቂያ፣ እስከ ጭራው ጫፍ እንዳይሆን። እንቁላሉ የሚፈስ መሆን አለመሆኑን ከጎኑ ጻፍ። አሥርም ብትሆን እዚሁ ለጥፍልኝ።