ዲዝኒ በክፍል 2ና በሪሜክ ስሙን እያበላሸ ነው ወይስ ምንም አልሆነም?

እናት_ሽምብጥ፦

ሰላም ለሁላችሁም፣ ባህርዳር ያላችሁም ሌላ ቦታ ያላችሁም። ብዙ ጊዜ ሲመላለስብኝ የነበረ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ በቪዲዮ ካሴት ያደግን ሰዎች ዴክ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበን ነው ላየን ኪንግን ያየነው፣ እንግሊዝኛው በቅጡ ሳይገባን የሲምባ አባት ሲሞት ሁላችንም አልቅሰናል። ለኔ ዲዝኒ ማለት ያ ነው። ስሙ ካለበት ቀድሜ ልየው ሳልል ለልጆቼ እከፍትላቸው ነበር፣ ሌላ ፊልም ግን ሳላየው አላሳይም።

አሁን ፍላሽ ላይ አስጭነን የምናመጣው ሁሉ ተደባልቆ ነው የሚመጣው። ሲንድሬላ 1፣ 2፣ 3፣ ላየን ኪንግ ስንት አይነት፣ አላዲን ካርቱኑም ሰዎች የሰሩበትም፣ ሁሉም አንድ ፎልደር ውስጥ "ዲዝኒ" ተብሎ። የስምንት አመቷ ልጄ መጀመሪያ ያጋጠማት ሲንድሬላ 2 ነው፣ ግማሽ ሳትደርስ ተነስታ ሄደች። ሌላ ቀን የድሮውን የመጀመሪያውን ልክፈትልሽ ስላት "ዲዝኒ ነው አይደል? ዲዝኒ ይደብራል" አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔ የማምነው ስም ለሷ የሚደብር ነገር ስም ሆኗል ማለት ነው እኮ።

እና ጥያቄዬ፣ እንዲህ አይነት በርካሽ የተሰሩ ክፍሎችና ያው ታሪክ እንደገና እየተሰራ (ሪሜክ የሚባለው) መውጣቱ የስቱዲዮውን ስም በእውነት ይጎዳዋል? ወይስ ቢሊዮን እያስገቡ ስለሆነ የሚጎዳ ነገር የለም? ፊልም የምትከታተሉ ንገሩኝ።

የፔዳው፦

እህቴ ስሜትሽ ይገባኛል ግን እኔ ስም ተጎዳ በሚለው አልስማማም። ቁጥሩን እይው፣ የ2019ኙ ላየን ኪንግ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው ያስገባው፣ በዛው አመት አላዲንም ቢሊዮን አልፏል፣ በፈረንጆች 2025 ሊሎ ኤንድ ስቲች ሪሜኩ ቢሊዮን ገባ። ስሙ የተበላሸ ስቱዲዮ ይሄን ያህል ሰው ሲኒማ አያስገባም። ደግሞ አሮጌው ፊልም የትም አልሄደም፣ የ1994ቱ ላየን ኪንግ ፍላሽሽ ላይ አለ፣ ማንም አልነካውም፣ አዲሱ ካልጣመሽ አጥፍተሽ አሮጌውን መክፈት ነው። አንዳንድ ልጅ ደግሞ በሪሜኩ ነው ወደ አሮጌው የሚሄደው፣ የኔ ታናሽ ወንድም እንደዛ ነው ያገኘው።

ክፍል 2 ራሱ መጥፎ ነው የሚለውም ልክ አይደለም። ቶይ ስቶሪ 3 በ2010 ወጥቶ ኦስካር ወስዷል።

ጣና_ዳር፦

የፔዳው ወንድሜ የገንዘቡ ነገር እውነት ነው ግን ታሪኩን ከጀርባ ካላየነው አይገባንም፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

የስቱዲዮው መስራች ዋልት ዲዝኒ በህይወት እያለ ለስኖው ዋይት (1937)፣ ለባምቢ (1942)፣ ለሲንድሬላ (1950) ክፍል ሁለት አልሰራላቸውም። ያልሰራው ሳይሞክረው ቀርቶ አይደለም። በ1933 ስለ ሦስት አሳማዎች አጭር ካርቱን ሰርቶ አሜሪካ በሙሉ ሲያብድለት ሰው ይደገም አለው፣ እነዛኑ አሳማዎች ይዞ ሌላ ሦስት አጭር ፊልም ሰራ፣ አንዳቸውም የመጀመሪያውን ያህል አልሆኑም። ከዛ በኋላ ጉልበቱን አዲስ ነገር ላይ ነው ያፈሰሰው። በ1966 እስኪሞት ድረስ እነዚህ ትልልቆቹ ፊልሞች እንዳሉ ቆዩ። ባምቢ ክፍል 2 የወጣለት በ2006 ነው፣ ከስንት አመት በኋላ አስቡት፣ ስልሳ አራት አመት!

ነገሩ የተቀየረው በ1994 ነው። አላዲን በሲኒማ ከተሳካ በኋላ ለቴሌቪዥን ተከታታይ ሊሰሩለት ነበር፣ የመክፈቻውን ታሪክ ሪተርን ኦፍ ጃፋር ብለው ሲኒማ ሳያስገቡ ቀጥታ በካሴት ሸጡት። የሰራው ዋናው የፊልም ክፍል ሳይሆን የቴሌቪዥኑ ክፍል ነው፣ በጀቱም የቴሌቪዥን ነው፣ ስእሉ ሲታይ ያስታውቃል፣ እንቅስቃሴው ይቆራረጣል ጀርባው ባዶ ነው። ጂኒውን የተጫወተው ሮቢን ዊልያምስ እንኳን ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ ስለነበር ድምፁ ሌላ ሰው ነው። ግን በሚሊዮኖች ተሸጠ። የካሴት ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ያው ዲዝኒ ነው፣ እናት ሱቅ ገብታ ስሙን አይታ ነው የምታነሳው። ይሄን ሲያዩ በሩ ተከፈተ፣ ላየን ኪንግ 2 በ1998፣ ሲንድሬላ 2 በ2002፣ ላየን ኪንግ እንደገና በ2004፣ ባምቢ በ2006፣ ሲንድሬላ 3 በ2007፣ እየተከታተሉ መጡ። እናት_ሽምብጥ ልጅሽ ተነስታ የሄደችበት ሲንድሬላ 2 ደግሞ ሦስት አጫጭር ታሪክ ተቀጣጥሎ ነው አንድ ፊልም የተባለው፣ ስለዚ ልጅሽ ትክክል ናት፣ ልጅ ሲደብረው ዝም ብሎ አይደብረውም።

አሁን ስም ጎድቷል ወይ ለሚለው የኔ መልስ አዎ ነው፣ ይሄን የምለው ደግሞ ራሱ ዲዝኒ በ2007 አካባቢ ስላቆመው ነው። በ2006 ቶይ ስቶሪን የሰራውን ስቱዲዮ ፒክሳርን በ7.4 ቢሊዮን ዶላር ሲገዙ የፒክሳሮቹ ኤድ ካትሙልና ጆን ላሴተር የአኒሜሽኑ ኃላፊ ሆነው መጡ፣ ገና ከመምጣታቸው ይሄ ለካሴትና ለዲቪዲ ተብሎ የሚሰራ ክፍል ሁለት ይቁም አሉ። እየሸጠ እያለ ነው ይቁም ያሉት! ገንዘብ የሚያስገባን ነገር ማንም በነፃ አያቆምም፣ ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር እየተበላ እንደሆነ ስላዩ ነው። እነዚህን ይሰራ የነበረው ዲዝኒ ቱን የሚባለው የኩባንያው ክፍል ራሱ ሌላ ሌላ ነገር ሲሰራ ቆይቶ በ2018 ተዘጋ።

ፊልም_ጫኝ፦

እኔ ፓፒረስ አካባቢ ፊልምና ሙዚቃ እጭናለሁ፣ ከሱቅ ያየሁትን ልናገር። ጣና_ዳር ያለው ነገር አሜሪካ ውስጥ ልዩነቱ ይታይ ነበር፣ ጥሩው ሲኒማ ይገባል ርካሹ ካሴት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ወላጅ ቢያንስ ይሄ ሲኒማ አልገባም ብሎ ማወቅ ይችላል። እኛ ጋ ሲኒማም መደርደሪያም የለም ሁሉም ፋይል ነው። የ1950ው ሲንድሬላም የ2002ቱም እኩል አንድ ጊጋ ናቸው፣ ስማቸው በፊደል ተራ ነው የሚደረደረው። ሰው መጥቶ "የልጆች ዲዝኒ ሙላልኝ" ይለኛል፣ 32 ጊጋ ፍላሽ ይሰጠኛል፣ ቦታው እስኪሞላ እጭናለሁ። ፊልም በፊልም የሚመርጥ ወላጅ በጣም ትንሽ ነው። ስለዚ ስሙ ላይ ነው ሁሉም ነገር የቆመው፣ ስሙ ውስጥ ያለው ነገር ከተደባለቀ እኛ ጋ የሚያድነን ሌላ ምልክት የለም።

ሌላ ያየሁት፣ በፊት ልጆች ራሳቸው መጥተው የፊልሙን ስም ጠርተው ነበር የሚያስጭኑት። አሁን ስም ጠርተው የሚጠይቁት የጃፓን አኒሜ ነው፣ ዲዝኒን የሚጠይቀው ወላጅ ነው። የሪሜኩ ጥፋት ብቻ ነው አልልም ግን እያየሁት ያለ ነገር ነው።

የፔዳው፦

ፊልም_ጫኝ ያልከው የፎልደር ጉዳይ አሳምኖኛል እሱን አላሰብኩትም ነበር። ግን ጣና_ዳር፣ የካሴቱን ዘመን ከሪሜኩ ጋር አንድ ማድረግ ልክ አይመስለኝም። ሪሜኮቹ ርካሽ አይደሉም፣ በመቶ ሚሊዮን ዶላር ነው የሚወጣባቸው፣ ቴክኖሎጂያቸው ራሱ የሚደነቅ ነው። የ2019ኙ ላየን ኪንግ ከአንዲት ሾት በቀር ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሰራ ነው እኮ፣ አንበሳው እውነተኛ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አጋጥሞኛል።

ጣና_ዳር፦

ርካሽ ስል ገንዘቡን አይደለም። ያልከውን አንበሳ እንውሰድ። የሲምባ አባት ሙፋሳ ሲሞት የ1994ቱን ሲምባ ፊት አስታውስ፣ ቅንድቡ፣ አፉ፣ አይኑ፣ ሰአሊው እያንዳንዷን በእጁ ነው የሰራት፣ የልጅ ፊት ነው የሚታይህ። የ2019ኙ ግን እውነተኛ አንበሳ ይምሰል ስለተባለ ፊቱ አይንቀሳቀስም፣ አንበሳ ደግሞ አያለቅስም፣ ድምፁ ያለቅሳል ፊቱ ዝም ብሎ ያያል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥተው የፊልሙን ልብ ነው ያወጡት። ደግሞ የመጀመሪያው 88 ደቂቃ ነው አዲሱ 118 ደቂቃ፣ ታሪኩ ያው ነው፣ ግማሽ ሰአት ጨምረው ስሜቱን ቀነሱት።

የቢሊዮኑ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው የማየው። በ2019 ትኬት የገዛው ሰው ለ2019ኙ ፊልም አይደለም የከፈለው፣ በ1994 ለወደደው ነው፣ ፊልሙን ገና አላየውማ ትኬት ሲገዛ። እምነት ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ሲያልቅ ግን ይታያል። ስኖው ዋይትን በ2025 እንደገና ሰርተው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡበት፣ በዓለም ሲኒማ ሁሉ ያስገባው ራሱ ወደዛው ቁጥር ነው፣ ከዛ ላይ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፣ ኪሳራ ነው። ሌላም ጭቅጭቅ ነበረበት አውቃለሁ፣ ግን የስቱዲዮው የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ነው እኮ፣ ቤቱ የተሰራበት ፊልም። በዛ ስም ሰው ካልመጣ በምን ይመጣል?

አንድ ልጨምር። ቶይ ስቶሪ 3ን አነሳህ፣ ከሱ በፊት ያለውን ቶይ ስቶሪ 2ን እይ። መጀመሪያ ቀጥታ ለካሴት ተብሎ ነበር የተጀመረው፣ በኋላ ሲኒማ ይግባ ተባለ፣ ፒክሳሮች ግን ታሪኩ አልጣማቸውም፣ ጊዜው አልቆ እያለ ወደ ዘጠኝ ወር በሚሆን ጊዜ ውስጥ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ ሰሩት፣ ሰራተኛው ታመመበት። በ1999 ወጣ፣ ግሩም ፊልም ነው። ካትሙል በኋላ በመጽሐፉ ላይ ሲያነሳው በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የጥራት ደረጃ መኖሩ የሰራተኛውን መንፈስ እንደሚጎዳ ነው የተረዱት። እኔ ጉዳቱ የሚጀምረው እዛ ነው ባይ ነኝ፣ ተመልካቹ ከማየቱ በፊት ሰሪው "ይሄ ለካሴት ነው ይበቃል" ማለት ሲለምድ።

መምህርት_ነኝ፦

ከላይ የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ እግዜር ይስጣችሁ። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። በጀት በጀት ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ አባባ ተስፋዬ ምን በጀት ነበራቸው? ወንበር፣ ካሜራ፣ ተረት። አገር ሙሉ ልጅ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት በር ላይ ተሰልፎ ነበር የሚያያቸው። ለአስርት አመታት ያው ሰውዬ ያው ወንበር፣ ግን ልጁን አክብረው ነው የሚቀመጡት፣ ያን ልጅ ያውቀዋል። ጸሐይ መማር ትወዳለችም በአሻንጉሊት የተሰራች ናት፣ ከዲዝኒ ጋር የሚወዳደር ገንዘብ የላትም፣ የኔ ተማሪዎች ግን መዝሙሯን በቃላቸው ይዘውት ነው ክፍል የሚገቡት። ስለዚ ርካሽ መሆኑ አይደለም ስም የሚገድለው፣ "ልጅ ነው አይገባውም" ብሎ መስራት ነው።

ቡና እንኳን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ነው የሚቀርበው፣ በረካውን አቦል ነው ብሎ የሚሰጥ የለም፣ ሁሉም የሚጠጣውን አውቆ ይጠጣል። እነሱ ግን ሦስተኛውን በመጀመሪያው ስም ነው ያቀረቡት።

ሌላው ለወላጆች፣ ልጅ የመጀመሪያውን ካላየ ክፍል ሁለት መጥፎ መሆኑን የሚያወዳድርበት የለውም፣ ጠቅላላ "ካርቱን ይደብራል" ብሎ ነው የሚደመድመው። ክፍሌ ውስጥ እንደዛ የሚሉ ልጆች አሉ፣ የድሮውን በፕሮጀክተር ሳሳያቸው ግን የሚተነፍስ የለም፣ ስእሉ የቆየ መሆኑን የጠየቀኝም የለም።

እናት_ሽምብጥ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ያላሰብኩትን ነው የነገራችሁኝ። ጣና_ዳር ልጅሽ ትክክል ናት ስትለኝ ደስ አለኝ፣ እኔ አይኗ አኒሜ ለምዶ ነው ብዬ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፣ ፋይሉ ላይ ቁጥር ባይጻፍ የትኛው ዋናው የትኛው ለካሴት የተሰራ እንደሆነ በምን ላውቅ? ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ኢንተርኔት ላይ መፈለግ አይመችም፣ ኔትወርኩም እንደምታውቁት ነው።

ፊልም_ጫኝ፦

እህቴ ቀላል ነው። ስም ዝርዝሩን እዪው መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ይመጣል፣ "ቴሌቪዥን አኒሜሽን" ወይም "ዲዝኒ ቱን" የሚል ካየሽ ያ በአብዛኛው የካሴቱ ነው። ከዛ አመቱን እዪ፣ ታሪኩ የድሮ ሆኖ ካርቱኑ ከ1994 እስከ 2008 ባለው ውስጥ ክፍል 2 ወይም 3 ከሆነ በአብዛኛው እሱ ነው። አንዳንዱ ግን ክፉ አይደለም፣ ላየን ኪንግ 2ን ልጆች ይወዱታል እኔም እወደዋለሁ፣ ሁሉንም እንዳትጥዪው። እኔ ከዚህ ውይይት በኋላ ሱቄ ያለውን ፎልደር ለሁለት እየከፈልኩት ነው፣ ሲኒማ የገባው ለብቻ በአመት ተራ፣ የቀረው ለብቻ። ቅዳሜ ፍላሽሽን ይዘሽ ነይ፣ ከስኖው ዋይት ጀምሬ በተራ እጭንልሻለሁ፣ የአማርኛ ትርጉም ያላቸውንም ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ።