ሞተሯ ሲግል ብልጭታ የምታጣ ቱርቦ የተገጠመላት ኮሮላ

በፈረንጆቹ 1996 የተሠራች፣ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ካስገጠምኩላት ወዲህ ከድሬዳዋ ተነሥቼ የደንገጎን ዳገት ወደ ሐረር ስወጣ የሞተሩ ክፍል ከመጠን በላይ ይግላል። መጀመሪያ የነዳጅ መርጫው ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠል ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ስፈትሽ ከዚሁ ፊውዝ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው) ሽቦ ልባስ ቀልጦ፣ የተራቆተው መዳብ የቱርቦውን ብረት ነክቶ አገኘሁት፤ ሽቦውን ቀይሬ፣ ከቱርቦው አርቄ፣ ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ ከጠቀለልኩት በኋላ ፊውዙ መቃጠሉን አቆመ።

ሌላው ችግር ግን አልለቀቀኝም። ዳገቱን ጨርሼ ሞተሩን ካጠፋሁና 10 ደቂቃ ያህል ከቆየሁ፣ ማለትም አየር መንቀሳቀሱን አቁሞ ሙቀቱ ኮፈኑ ሥር ሲታፈን፣ መኪናዋ አትነሣም። ካንዴላ ነቅዬ ስሞክር ብልጭታ የለም። ቦቢናውን (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨውን) እና የካንዴላ ሽቦዎቹን ቀይሬአለሁ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ሽቦም አጽድቼ አጥብቄአለሁ፤ ለውጥ አልመጣም። ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን በየተራ ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ላይ እርጥብ ጨርቅ ሳደርግ ግን ወዲያው ትነሣለች፤ ይሁን እንጂ ጨርቁ አጠገቡ ያለውን የሽቦ ማያያዣም አብሮ ስለሚያቀዘቅዝ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

ሞተሩ እንደጋለ በቴስተር ስለካ፣ ብልሽቱ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ካለው፣ የሞተሩን ዙር ከሚያነበው ሴንሰር ይሁን ከሽቦው ማያያዣ በምን ለይቼ ማወቅ እችላለሁ?